አይጦቹን ማን ያበላል?

ነሐሴ 4 ቀን 2013

ሁለቱም እባቦች በሉ። ትልቋ ሁለት አይጥ፣ ትንሹ አንድ። ሦስተኛው ባልዲ ውስጥ ያለችው አይጥ ወለደች። ዘጠኝ። ጠጉር የሌላቸው፣ ቀያይ፣ ባቄላ የሚያካክሉ።

ጻፉ የተባልነው ይህንን ነው። ልጄ ሂዳያ ደሴ ባለው ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የእንስሳ ትምህርት። እባቦቹም አይጦቹም የእሷ ናቸው። ቤት ያከራየቻት ሴትዮ "እባብ ይዘሽ አትገቢም" ስላለቻት እኛ ዘንድ አመጣቻቸው። ደብተሩን ሰጥታን ሄደች። "ማን በላ፣ ማን ወለደ፣ ስንት ሞተ፣ ጻፉልኝ።"

እኔ ፊደል አላውቅም። አላፍርበትም። ሚስቴ ዑምኩልሱም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምራለች፤ እኔ ያኔ እርሻ ላይ ነበርኩ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

"የአይጦቹን ብቻ ልጻፍ ወይስ የተናገርከውን ሁሉ?"

"ሁሉንም።"

"ስድቡንም?"

"ስድቡንም።"

ስድሳ ዓመት ሙሉ አይጥ ስገድል ኖርኩ። በጭስ፣ በወጥመድ፣ በድመት። ዛሬ ፉርሽካ በእጄ እየዘገንኩ አበላቸዋለሁ። ነጫጭ ናቸው፣ ዓይናቸው ቀይ... ቢሆንም አይጥ ናቸው።

ነሐሴ 9

ትንሹ እባብ አልበላም። ዓይኑ ደፍርሷል። ቆዳውን ሊለውጥ ነው ብላለች ሂዳያ በስልክ።

ሰው ያወራል። ገበያ ላይ አንዱ "የኑርዬ ልጅ ባል ብታጣ እባብ አገባች" አለ። ዱላዬን አነሳሁ። ያዙኝ እንጂ...

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ላይ እኔም ልገድላቸው ነበር። ትልቋን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ገበሬዎች በዱላ ሊጨርሷት ሲሉ ነው ሂዳያ ያስጣለቻት። መርዝ የላትም። ትምህርት ቤት እየወሰደች ለልጆች ታሳያለች፤ "ይቺ ጎተራችሁን ትጠብቃለች እንጂ አትነድፍም" እያለች። እኔ ግን አላመንኩም። ቤት የገባ እባብ ሦስት ቀን ውጣ ሳይባል አይገደልም፤ ሃይማኖታችን ነው። ከፈጅር ሶላት በኋላ ሳጥኑ ፊት ተቀምጬ "አላህን የምትፈሪ ከሆነ ውጪ" አልኳት። ሦስት ቀን። ዑምኩልሱም በሳቅ ልትሞት።

"አንተ ሰውዬ፣ ክዳኑን ዘግተህ በየት ትውጣልህ?"

በአራተኛው ቀን ሂዳያ እጄ ላይ አስቀመጠቻት። ደረቅ ናት፣ ቀዝቃዛ። ክንዴ ላይ ተጠቅልላ ዝም አለች። እንዴት ልግደላት?

ነሐሴ 23

ወንዱ አይጥ ልጆቹን በላ። ዘጠኙንም። እናትየው ከመውለዷ በፊት መለየት ነበረብኝ፤ ረሳሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ተጻፈ።

ከመርሳና ከውርጌሳ የተፈናቀለው ሕዝብ በዋናው መንገድ ወደ ደሴ እየጎረፈ ነው። ፍራሽ በራሱ ላይ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት። ቁጭ ብዬ አየሁ። ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ይሆናል? እኔ ብሆን...

አብሮ አደጌ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ከእስጢፋኖስ ገዳም ሲመለስ ጎራ አለ። ባልዲዎቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ኑርዬ፣ ኖኅ እንኳ ሁለት አይጥ ብቻ ነው ያሳፈረው። አንተ መርከቡን ልታሰምጠው ነው።"

መስከረም 12 ቀን 2014

መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀን። ዑምኩልሱም የስኳር በሽታ አለባት፤ ጠዋትና ማታ ትወጋለች። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ገንቦ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጌ ጠርሙሶቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ቀበርኳቸው። እጅ ገብቶ ሲወጣ ይበርዳል። ፍሪጅ ምን ያደርጋል?

ዛሬ አራት አይጥ ገደልኩ። ሂዳያ እንዳሳየችኝ፤ አንገቱን በእንጨት ጫን፣ ጭራውን ሳብ። አንዴ ነው፣ አይሰቃይም። ቢስሚላህ እላለሁ። ለአይጥ ይባላል ወይ? ሳልል ግን እጄ እንቢ ይለኛል።

ጥቅምት 14

ሂዳያ መኪና ላከች። ሾፌሩ ጌዴዎን የሚባል የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ሰው አክባሪ። ውጊያው ሐይቅ ከተማ አጠገብ ደርሷል፤ የመድፉ ድምፅ የድስቱን ክዳን ያንቀጠቅጣል።

"አባ ኑርዬ፣ ይነሱ። ሂዳያ ሳትይዛቸው እንዳትመጣ ብላኛለች።"

"አይጦቹን ማን ያበላል?"

"እነሱንም እንጭናለን። እባቦቹን በካርቶን፣ አይጦቹን ከነባልዲያቸው። ቦታ አለ።"

"ሠላሳ አይጥ ከኋላ ጭኜ ደሴ ልግባ? መንገድ ላይ ያልቃሉ። ልጄ አደራ ብላኛለች፣ ከዚህ አልነቃነቅም።"

ለመነኝ። አልሄድም አልኩ። ዑምኩልሱም ዝም አለች። ዝም ማለቷ እሺ ማለቷ ነው፤ አርባ ዓመት አውቃታለሁ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

(ይህን እሱ አላለም፤ እኔ ዑምኩልሱም ነኝ። ያልኩትን ሁሉ ጻፊ ብሏል፣ እኔ ያልኩትም ይጻፍ። ዝም አላልኩም። እንሂድ አልኩት፣ ሁለቴ። ጓዜን አስሬ በሩ ላይ አስቀምጬ ነበር። መኪናው ሲሄድ ፈታሁት። መድኃኒቴ የሃያ ቀን ነው።)

ጥቅምት 21

ስልክ የለም። ደሴም ተያዘ ይላሉ። ሂዳያ ወጥታ ይሆን? ወጥታለች። ልጅቷ ብልህ ናት።

ትልቋ አንድ በላች። ትንሹ ቆዳውን ገፎ ጨረሰ፤ ከአፍ እስከ ጭራ ሳይቀደድ ወጣ። ለሂዳያ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩላት።

ጥቅምት 23

ታጣቂዎች ቤታችን ገቡ። ሦስት ናቸው። ዱቄት ወሰዱ። አንዱ በነጠላ የሸፈንኩትን የእባቡን ሳጥን አየ። መስታወቱ ከስር ብልጭ ሲል ቴሌቪዥን መሰለው።

"ይሄን ክፈት።"

"አንተው ክፈተው" አልኩት።

ነጠላውን ሳበ። ትልቋ ቀና አለች። ሰውዬው ወደኋላ ሲዘል ጓደኛውን ገፍቶ ጣለው። ሁለተኛው "አባት፣ ጠንቋይ ነህ እንዴ?" አለኝ። አንድ ዶሮ ይዘው ወጡ፣ ጎተራዬን ሳይነኩ።

የጎረቤት ቤት ሁሉ ተዘርፎ ባዶ ቀርቷል። የኔን ቤት እባብ ጠበቀልኝ። ብሄድ ኖሮ ምን ይተርፍ ነበር? ዑምኩልሱምን ጠየቅኋት። "ልክ ነህ" አለች።

(ልክ ነህ ያልኩት ደክሞኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ግማሽ እወጋለሁ። መድኃኒትሽ አለ ወይ ሲለኝ ሞልቷል አልኩት። ቢያውቅስ? መንገዱ ተዘግቷል። ጤና ጣቢያው ባዶ ነው። ተቀምጦ ያየኛል እንጂ ምን ያደርጋል።)

ኅዳር 2

ፉርሽካ አለቀ። ከራሳችን ገብስ አንድ ጭብጥ ለአይጦቹ። ጎረቤት አይቶ "ሰው ሲራብ ለአይጥ ገብስ?" አለኝ። "በገዛ ገብሴ" አልኩት። ከተናገርኩ በኋላ ግን ወደ ጎተራ ገባሁ። ሁለት ቁና ሰፍሬ በአጥር አሻገርኩለት።

ዑምኩልሱም ውሃ ትጠጣለች። ጠጥታ አትጠግብም። ከሳች። ይሄ የጦርነት ክሳት ነው፤ እኔስ መች ወፈርኩ?

"መድኃኒቱ?"

"አለ አልኩህ እኮ። አንተ አይጥህን ጠብቅ።"

ኅዳር 8

ስድስት ተወለዱ። ወንዱን ቀድሜ ለይቼዋለሁ።

ምሳ አልበላችም። አስታወከች። ጨጓራ ነው ትላለች። ዛሬ ብዙ አልናገርም፣ እጇ ደክሟል።

(ሂዳያ፣ አባትሽ በጠዋት ተነስቶ ውሃ ያሞቅልኛል። በሕይወቱ ውሃ አሙቆ አያውቅም። ያበሳጨኛል፤ ያሳዝነኛልም። የገንቦው አሸዋ ውስጥ አንዲት ጠርሙስ ቀርታለች፣ እሷም ከግማሽ በታች ናት። እንሂድ ብዬው ነበር። ይህን ካልጻፍኩ ማንም አያውቀውም።)

ኅዳር 13

በሉ። ሁለቱም።

ታኅሣሥ 6

አሁን የምትጽፈው ሂዳያ ናት፤ የምናገረው ያው እኔ ነኝ። ከኅዳር 13 ወዲህ የጻፈ የለም።

ልናገር። በቅደም ተከተል።

ኅዳር 14 ዑምኩልሱም መነሳት አቃታት። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ያኔ ነው እጄን ገንቦው ውስጥ የከተትኩ። አሸዋውን ምንጣፍ ላይ ገለበጥኩት። ባዶ ጠርሙሶች። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት። "አለቀ" አለች። ልክ ጨው እንዳለቀ።

በየቤቱ ዞርኩ። መሪጌታ እስጢፋኖስ ድረስ በእግሩ ሄደ፤ የስኳር በሽታ ያለባቸው አንድ አባት አሉ ብሎ። የቀራቸውን ከሁለት ከፍለው ሰጡት። ሁለት ቀን አቆያት። ከዚያ በቃሬዛ ወደ ሐይቅ ከተማ አወረድናት፣ አራት ሰው። አንድም ቦታ መድኃኒት የለም። ስንመለስ መንገድ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

"ደብተሩን ለሂዳያ ስጣት። አንተማ አታነበው።"

እንዲያ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ...

ኅዳር 17፣ ከዙህር ሶላት በኋላ። ጀናዛዋን የሸኘው ሰው ሃያ አይሞላም። መቃብሯን ከቆፈሩት አንዱ መሪጌታ ነው፤ ቀሚሱን ወደ ላይ አስሮ።

ከዚያ በኋላም አይጦቹን አበላሁ፣ እባቦቹንም። ሌላ ምን ላድርግ? ቢስሚላህ እያልኩ።

መንገዱ ሲከፈት ሂዳያ መጣች። ከትናንት ወዲያ። አልቅሳ ስትጨርስ ደብተሩን ሰጠኋት። ጓሮ ወስዳ አነበበችው። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው።

"አባ፣ እማዬ እዚህ ላይ የጻፈችውን ያውቃሉ?"

"እኔ ያልኩትን ነው የጻፈችው።"

"አይደለም። የራሷንም ጽፋለች።"

"አንብቢልኝ።"

"ይቅርብዎት።"

"አንብቢ አልኩ።"

አነበበችልኝ። ድገሚው አልኳት። ሃያ ቀን። ግማሽ ግማሽ። ሞልቷል አልኩት። ያቺን ሞልቷል ፊት ለፊቴ ቆማ ነው ያለችኝ፤ እኔም አምኜ አይጥ ላበላ ሄድኩ። እሷ ጉልበቷ ላይ ደብተሩን ዘርግታ ስትጽፍ እኔ እያየኋት ነበር። የኔን ቃል የምትጽፍ መስሎኝ ስናገር ፍጥነቴን ቀነስ አደርግላት ነበር። እጇ ግን ከኔ አፍ በኋላም አይቆምም ነበር... ለምን አልጠየቅሁም?

ዛሬ ሂዳያን ጠራኋት። ጻፊ አልኳት።

ያስቀሩኝ አይጦቹ አልነበሩም። ይህ ይጻፍ። ጌዴዎን ቦታ አለ ብሎኝ ነበር፣ ካርቶንም ይዞ ነበር። መንገድ ላይ ያልቃሉ ያልኩት ውሸት ነው፤ ሂዳያ ከደሴ ስታመጣቸው አንድም አልሞተም። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ፍራሽ ተሸክሞ ሲያልፍ ተቀምጬ የናቅኩ ሰው ነኝ። ኑርዬ ሸሸ እንዳይሉኝ ነው። በልጄ የኪራይ ቤት ጥግ ይዤ እንጀራ ስጡኝ እንዳልል ነው። አይጥ ደግሞ አይናገርም፣ አይመሰክርም። ስለዚህ በአይጥ አመካኘሁ።

ሂዳያ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

"አባ፣ ይበቃል።"

"ለምን አቆምሽ?"

"እማዬ ቢያውቅ ምን ያደርጋል ብላለች እኮ። እርስዎም አላወቁም።"

"መኪናው ሳይሄድ እንሂድ ብላኛለች። ያንን ሰምቻለሁ። ጻፊ።"

ጻፈች። እጇ እንደ እናቷ ነው፣ ወደ ግራ ያጋደለ። አላነብም፣ ግን አያለሁ።

ትንሹን እባብና ትልቋን ከነአይጦቹ ነገ ጌዴዎን ይወስዳቸዋል። ወንዶቹን አይጦች ዛሬ ጠዋት ከሴቶቹ ለየሁ፤ ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይወለድም። እኔንም እንሂድ ብለውኛል። እሺ አልኩ። ማንም ሳይለምነኝ።

ከዚያ ሂዳያን ጥቅምት 14 የቱ ጋ እንዳለ ጠየቅኋት። ገልጣ አሳየችኝ። እናትሽ ዝም አላልኩም ያለችበትን አልኳት። ጣቴን ወስዳ መስመሩ ላይ አኖረችልኝ። አጭር ናት፤ ሁለት ቃል። እኔ ዝም አለች ያልኩበት ደግሞ ከላይዋ ነው።

"የእርስዎን ልሰርዘው አባ?"

"አትሰርዢ። ሁለቱም ይታዩ።"

የእስክሪብቶውን ቀለም አውራ ጣቴ ላይ ቀባችልኝ። የመሬት ደብተር ላይ፣ የቀበሌ ወረቀት ላይ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነው የፈረምኩ፤ ሰው ያነበበልኝን አምኜ። ከሚስቴ ቃል ስር አውራ ጣቴን ጫን አደረግሁ።

ዝም አላለችም።