የሰረዝከው አንቀጽ

ቦንጋ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዲስ፣ አዲስ አበባ እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ?

የማፍርበትን ነገር አስቀድሜ ልናዘዝልህ፤ ለሌላ ሰው አልናገረውም። ትናንት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄጄ ዋሽቼ መጣሁ። ወንጌላዊት የምትባል የኮምፒውተር መምህርት አለች፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ከጎንደር ተመድባ የመጣች፣ ፈተናዋን እኔ ኮፒ ቤት የምታባዛ። እሷን «ፕሮግራመር የሆነ ዘመድ አለኝ፤ ብሎግ ሊጀምር ነው፤ የትኛው መድረክ ይሻለዋል?» አልኳት። ዘመድ! ልጠይቃት የፈለግሁት ሌላ ነበር። ከሄድክ ወዲህ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሱቅ ከፍቼ ቡና እንኳ ሳልቀምስ መጀመሪያ የማየው ያንተን ብሎግ ነው። ከኮዱ አንዲት መስመር አይገባኝም፤ መጻፍህን ካየሁ ደህና ነህ እላለሁ። በኋላ ግን ስጋት ገባኝ፤ ማን እንዳነበበ ባለቤቱ የሚያይ ከሆነ ጉዴ ፈላ! ይህንኑ በዘመዴ አሳብቤ ጠየቅኋት።

ወንጌላዊት ሳቀችና «የስንቱን ስም ያያል? አያይም» ብላ ገላገለችኝ። ከዚያ ኮምፒውተር ላብ አስገባችኝ። ሁለት ተማሪዎቿም ነበሩ፤ አብነት የሚባል ቀልደኛና በእምነት የምትባል ቁጡ ልጅ።

«ዘመድሽ ምን ዓይነት ነው የሚፈልገው?» አለችኝ።

እኔም ለቀቅኩት። በየመስመሩ መጀመሪያ ያለውን ባዶ ቦታ የማይበላ፣ ምክንያቱም ኮዱን ቀድተው የሞከሩት ሁሉ «አልሠራም» ብለው ይጮሁበታል። ከጽሑፉ ጎን የውርርድ ማስታወቂያ የማይለጥፍ፤ አንባቢውን «መጀመሪያ ተመዝገብ» እያለ በር ላይ የማያቆም፤ ኔትወርክ ሲደክም እንኳ ቶሎ የሚከፈት።

«ይሙ! ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

ምን ልበላት? ራት በቀረበ ቁጥር መድረክ ሲያማርጥ ከሚያመሽ ሰው ጋር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ ልበላት?

«በቃ፣ ለሱ የሚሆነውን ላሳይሽ» ብላ ገጽ ከፈተች። ያንተን! «ይሄ ሰውዬ ከዚሁ ከካፋ ነው ይላሉ። ተማሪዎቼን የማስነብበው እሱን ነው። አየሽ፣ ጽሑፉን እንደ ኮድ ነው የሚያስቀምጠው። ጽሑፎቹን የሚያስቀምጥበት ማከማቻ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የለወጠው ነገር ሁሉ ከነቀኑ ይመዘገባል። አረንጓዴው የጨመረው ነው፣ ቀዩ የሰረዘው። ፕሮግራመር የሚወደው ይህን ነው።»

የኮድ ስህተት እንዴት እንደሚፈለግ የጻፍካትን ጽሑፍ ነካቻት። ገጹ በቀይ ሞላ። እሷ እቴ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦

«ስህተት ስንፈልግ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የሰውን ኮድ ነው። እኔም በቤቴ እንዲሁ አደረግሁ። ልጅ ያልወለድነው በእኔ ምክንያት መሆኑን የጅማው ሐኪም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን አጥፌ ደበቅሁት። ባለቤቴ ከቢታ ገነት የሚመጣላትን የመድኃኒት ሥር ሁሉ ስትጠጣ ዝም ብዬ አየኋት።»

ከሥሩ ደግሞ ለምን እንደሰረዝከው የጻፍካት ማስታወሻ፦ «የማይጠቅም አንቀጽ ወጥቷል።»

«ወይ ጉድ!» አለ አብነት፣ «ሰውዬው ኃጢአቱን ለዓለም ለጥፎ ሄዷል እኮ! ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«ዝም በል አንተ!» አለች በእምነት። «ሚስትየዋን አታስብም? እኔ ብሆን ሥሩን ቀቅዬ ለሱ ነበር የማጠጣው!»

ወንጌላዊት ወደ እኔ ዞረች። «ይሙ፣ ምነው ላብ አጠመቀሽ?»

«ሙቀቱ ነው» አልኳት። ቆርቆሮውን ዝናብ እየደበደበው!

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። ባጃጅ ተሳፍሬ ይሁን በእግሬ፣ ዛሬም ትዝ አይለኝም። ሐዲስ፣ አንተ እኮ የሰው ዶሮ ገብታ እህላችንን ብትበላ ባለቤቷን ፈልገህ ይቅርታ የምትጠይቅ ሰው ነህ! እንዴት አስቻለህ? ዋጫ ከተማ፣ የእህትህ ልጅ ክርስትና ላይ፣ ሕፃኑን ልታቀፍ እጄን ስዘረጋ እናትህ እትዬ አብርሆት «ተይው ልጄ፣ እጅሽ ይከብደዋል» ብለው ወሰዱብኝ። አንተ አጠገቤ ቆመህ ጫማህን ታይ ነበር። እኔ ደግሞ አፍሮልኝ ነው ብዬ አዘንኩልህ። ላንተ አዘንኩልህ!

መደበቅህ ይበልጥ አስደነገጠኝ ወይስ «የማይጠቅም» ማለትህ፣ እስካሁን አልለየሁም። ቀኑንም አየሁት። ሰኞ ጽፈኸዋል፣ ማክሰኞ ሰርዘኸዋል። ያቺን አንዲት ቀን እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፍልህ። ደውዬልህ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር የምናገረው።

እናትህ የላኳቸው ሽማግሌዎች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ኃይለመስቀል ቤት ይሰበሰባሉ። «ልጃችን ዘር ይፈልጋል፤ በሰላም ይለያዩ» ሊሉ። እኔም እስከ ትናንት ድረስ አንገቴን ደፍቼ «እሺ» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ። አሁን ግን እንዲህ ተብዬ ከቤቴ አልወጣም። ብለያይም በእውነቱ ነው።

ኮፒ ማሽኑ እጄ ላይ ነው። መቶ ቅጂ አውጥቼ ለቦንጋ ባጃጅ ሁሉ ማደል አያቅተኝም። አንድም አላወጣሁም። ትናንት ከላቡ ሳልወጣ ወንጌላዊትን «እንዲህ ያለ ነገር ለሰው እንዳይታይ ምን ይደረጋል?» ብዬ አዙሬ ጠየቅኋት። አንቀጹን መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ማከማቻው ራሱ ለሰው እንዳይታይ ሆኖ ይዘጋል፣ ብሎጉ ግን እንዳለ ይነበባል አለችኝ። መጀመሪያ እስከ እሁድ አትዝጋው ልልህ ነበር። ተውኩት። ዛሬውኑ ዝጋው። አብነት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ መሳቂያ እንዲያደርጉህ አልፈልግም። እኔ የምፈልገው አምስት ሽማግሌና እናትህ ካንተ አፍ እንዲሰሙት ነው።

ይህን ደብዳቤ ያጎትህ ልጅ ሙሌ ነገ ይዞልህ ይነሳል። ቅዳሜ በጠዋት ከተሳፈርክ ትደርሳለህ። ጅማ ላይ ዝናብ ነው፤ ወፍራሙን ጃኬት ልበስ፤ ጉሮሮህን ታውቀዋለህ።

ከመጣህ አጠገብህ እቀመጣለሁ። እትዬ አብርሆት ደንግጠው ቢወድቁ የምደግፋቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እኔና አንተ ምን እንደምንሆን አላውቅም፤ አልዋሽህም።

እግዚአብሔር አንደበትህን ይፍታልህ፤ መንገዱን ያቅናልህ። ከቀረህ ግን እኔው ተነስቼ እናገራለሁ። ማን ምን እንዳለ፣ እናትህ ወዴት እንዳዩ፣ እኔስ ድምፄ ተሰብሮ እንደሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

እስከ እሁድ ሚስትህ፣
ይመኙሻል