የመምህር ስዩም አዳነ ቁጥር አንድ ወረቀት

መምህር ስዩም አዳነ ከአባታቸው ከአቶ አዳነ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩነሽ ሞላ ሐምሌ 5 ቀን 1945 ዓ.ም. በሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ አቅራቢያ ተወለዱ። በመርሳና በወልድያ ተምረው፣ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። በ1972 ዓ.ም. ከወ/ሮ አለሚቱ ካሳዬ ጋር ተጋብተው ብሌንንና ሰለሞንን አፍርተዋል።

ጋሽ ስዩም ብርቅ የእንግሊዝኛ ቃል ሲያገኙ ከነመሳዩ በደብተር ይመዘግቡ ነበር። «ኢንጂኒየስ» ብልሃተኛ ነው፤ «ኢንጂኑየስ» ግን ልበ ቅን። መልካቸው የአንድ እናት ልጆች ቢያስመስላቸውም አመላቸው ለየቅል ነው ይሉ ነበር። ካገቡ ወዲህ ለሚሰናበታቸው ተማሪ ሁሉ አንድ ጥንድ ቃል በቁራጭ ወረቀት ገልብጠው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለው ያስይዙት ነበር። አይ መምህር! ስንቱ ስቆባቸዋል።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ከቤታቸው ሲያስወጣቸው ደብተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ጓሮ ቀበሩት። ክረምት መሆኑን ዘነጉት። ሲመለሱ ወረቀቱ ቡኮ ሆኖ ጠበቃቸው። የዕድሜ ልክ ልፋታቸው ነበርና ሐዘን ተቀመጡ።

ተማሪዎቻቸው ግን አደራ በላ አልሆኑም። ከሲሪንቃ፣ ከሐራ፣ ከወልድያ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፤ የቀድሞ ተማሪያቸው ወ/ሮ አሚና እንድሪስም በአዲስ ደብተር በየቁጥሩ ገለበጧቸው። አላህ ይስጥልን። ቁጥር አንድ ብቻ ጠፋች፤ የማን እንደሆነች ጋሽ ስዩም አይናገሩም ነበር። ዓምና ስትሮክ አንደበታቸውን ከያዘው ወዲህ ያችን ባዶ ገጽ በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆዝሙ ነበር።

በኅዳር ወር ወ/ሮ አለሚቱ ከሣጥናቸው አንዲት ወረቀት አወጡ። ጋሽ ስዩም ሽማግሌ በላኩ ሰሞን የሰጧቸው ናት፤ ትርጉሙን ሲጠይቁ «ትደርሺበታለሽ» ተብለው አርባ ስድስት ዓመት አስቀምጠዋታል። ከተማሪዎቹ ወረቀት ጋር የምትቆጠር አልመሰላቸውም ነበር፤ ቁጥር አንድ የሚስት ትሆናለች ብሎ ማን ይጠርጥር? ወ/ሮ አሚና እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡ፦ «አክሶሪየስ፦ ሚስቱን ከልክ በላይ የሚወድ። መሳዩ ላክሹሪየስ፦ በድሎት የሚኖር። አለሚቱ፣ የመጀመሪያውን እሆንልሻለሁ፤ ሁለተኛውን ግን በመምህር ደመወዝ አልችልም።»

ወ/ሮ አለሚቱ «ምነው ያኔ ቢነግሩኝ!» ብለው እያለቀሱ ሳቁ። ጋሽ ስዩምም በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ገጿም ያን ዕለት ተሞላች።

መምህር ስዩም ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ያስታመማችሁ፣ አደራ የመለሳችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። በድሎት አልኖሩም፤ የመጀመሪያውን ግን ሆነው እንደኖሩ ወ/ሮ አለሚቱ ይመሰክራሉ።