ከሳንድሮ ድምፅ ሥር

ሰኞ

ዛሬ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። በሕልሜ አይደለም፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሮዝቪል፣ በልጄ በሣራ መኪና ውስጥ፣ ከጥርስ ሐኪም ስንመለስ። ስልኳ ዘፈን በዘፈን ላይ ሲያስከትል አንድ የድሮ የጣሊያን ዘፈን መጣ። ሳንድሮ! አስመራ ተወልዶ ያደገ ጣሊያን፣ የእኛ ባንድ ዘፋኝ። እኔ ቤዝ ጊታር እመታ ነበር፤ ታናሼ ዮናስ ጊታር ይጫወታል፣ ሁለተኛ ድምፅም ይዘፍናል። ሳንድሮ ትቶን ሮም ሄደ፣ ብቻውን ዘፈነ፣ ስሙ ገነነ። ዮናስን በዓመቱ ወታደሮች ከመንገድ ወሰዱት። መቃብር እንኳ የለውም።

አዝማቹ ላይ፣ ከሳንድሮ ሥር፣ ሌላ ድምፅ አለ።

"ድገሚው" አልኳት።

"ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?" መኪናውን ዳር አስያዘችው።

ማክሰኞ

አሥራ አንድ ጊዜ ሰማሁት። "ስ" ላይ ያፏጫል። ዮናስ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ነበር፤ ልጆች ሳለን በድንጋይ የሸረፍኩት እኔ ነኝ። ግን እንዴት ይሆናል? ዘፈኑ የተቀዳው ሮም ነው። ዮናስ ከአገር ወጥቶ አያውቅም።

ያልወጣውም በእኔ ነው። ሳንድሮ "አብረን እንሂድ" ብሎት ዮናስ ሻንጣውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። "እናታችንን ጥለህ?" አልኩት። እናታችን ምንም አልሆነችም። የቀናሁት እኔ ነኝ። ቀረ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በአማርኛ የምጽፈውም ለዚህ ይመስለኛል፤ የትምህርት ቤት ቋንቋዬ ነው፣ ሣራ ማንበብ አትችልም።

ረቡዕ

ሣራ የሳንድሮን ገጽ ኢንተርኔት ላይ አገኘችው። ስልክ ቁጥሬን ጨምራ ሜሴጅ አደረገችለት።

የዛሬ ሥራዬ፦ አንዱን ሸሚዝ ሁለቴ ተኮስኩ። መድኃኒቴን ረሳሁ። ሩዝ እያጠብኩ የሳንድሮን ድርሻ አንጎራጎርኩና ሁለተኛው ድምፅ እስኪገባ ጠበቅሁ። ከኋላዬ የሚገባ መስሎኝ ዞርኩ። ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ።

ዓርብ

ጠዋት ሳንድሮ ደወለ። ድምፁ ሻክሯል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። ጣሊያንኛና ትግርኛ እየቀላቀልን አወራን።

"ተክሌ! አለህ እንዴ?"

"ሁለተኛው ድምፅ የማነው?" አልኩት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስጨርሰው።

ሁሉንም ነገረኝ። የሮም ሰዎች ባንድ አንፈልግም፣ አንተን ብቻ ነው የምንፈልገው አሉት። ስቱዲዮ ሲገባ ግን ብቻውን መዝፈን አቃተው። ከአስመራ ይዞት የሄደውን የልምምድ ቴፕ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ዘፈነ። በኋላም የዮናስን ድምፅ ከቴፑ ወስዶ ከሥር በትንሹ እንዲያስገባለት ድምፅ ቀጂውን ለመነው።

"ሁለተኛው ማነው ሲሉኝ፣ እኔው ነኝ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ። ተክሌ፣ ዮናስ ያልመጣው ተቀይሞኝ ነው? ስንት ደብዳቤ ጻፍኩለት።"

መሞቱን አያውቅም ነበር።

ነገርኩት። "ያስቀረሁት እኔ ነኝ" ብዬም ጨመርኩበት። ከወዲያ በኩል የሽማግሌ ለቅሶ መጣ። እኔ አላለቀስኩም። ስልኩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እሑድ

ሳንድሮ ቴፑን ሙሉውን በኢንተርኔት ላከልን። ከዘፈኑ ሥርም በገጹ ላይ የዮናስን ስም ከነአባቱ ጽፏል።

የሣራ መኪና ድምፁ ጥሩ ነው፤ ከአፓርታማዬ ፊት ለፊት አቁመን ሰማን። በሁለት ዘፈን መካከል ዮናስ ሲናገር ይሰማል። "ቆዩ እንጂ፣ ወንድሜ ገና ነው" ይላል። ይሄው ብቻ። ከዚያ የእኔ ቤዝ ይገባል።

ለሣራ ተናገርኩ። ሻንጣውን፣ ቅናቴን፣ ሁሉንም።

"ዩ ወር ጀስት ኪድስ" አለች።

"ልጅ አልነበርኩም። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር።"

በማትደፍረው ትግርኛ "እሱስ?" አለችኝ።

"ሃያ አንድ።"

አላጽናናችኝም፣ አልወቀሰችኝምም። ፊቷን ማየት ፈራሁ። ወደ ቤቷ የምትሄድ መስሎኝ በሩን ከፈትኩ። ሞተሩን አጠፋችና ተከትላኝ ወጣች።