ለአንገታቸው ይለስልስ ብዬ

መስከረም 8፣ ሐሙስ
የሰፋሁት ሠላሳ ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው፣ ዛሬ ወደ ዝዋይ ተጫነ። እፎይ! ጣቶቼ አልቀዋል። የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ጋሽ ፍስሐ ራሳቸው ሱቄ ድረስ መጥተው ተረከቡኝ። የሐይቁ ደሴት ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በጀልባ ነው። አምና ሐይቁ አንዱን ወሰደ፤ ከዚያ ወላጅ ሁሉ ልጁን አስቀረ። «ፋኢዛ፣ ይኼን ካዩ ይልካሉ» አሉኝ። ሰኞ ይለብሱታል። ኮራሁ... ሐይቅ በዓይኔ አይቼ የማላውቀው ሴትዮ!

መስከረም 9
ከጃኬቶቹ የተረፈውን ስፖንጅ ለዕቃ ማጠቢያ ቆርጬ ሳፋ ውስጥ ጣልኩት። ሱሪ ተኩሼ ብመለስ የለም። ውሃውን ጠጥቶ ታች ተኝቷል።

ያ አላህ። ጋሽ ፍስሐ በሰጡኝ ናሙና ውስጥ የነበረው ስፖንጅ ደረቅ ነበር። አንገት ይፍቃል፣ ለልጆቹ ይለስልስ ብዬ በፍራሽ ስፖንጅ የቀየርኩት እኔ። ማን ጠየቀኝ?

ስፖንጁን የሸጠልኝ ሙነወር ጋ ሮጥኩ። «እትዬ፣ ለፍራሽ መስሎኝ! ውሃ እንደሚጠጣ ማን ያጣዋል?»

እኔ።

መስከረም 10
የጋሽ ፍስሐ ስልክ ዝግ ነው። አሥር ጊዜ ደወልኩ። ብናገር የሸማ ተራ መሳቂያ እሆናለሁ... ባልናገርስ?

መስከረም 11፣ እሁድ
ስልኩ ተነሳ!
«ጋሼ፣ በአላህ፣ እንዳታለብሷቸው። ይሰምጣል።»
«ትናንት ሁለት ልጆች ለብሰው ሲንቦራጨቁ ነበር እኮ...»
«ወጡ?»
«ወጡ። ዳር ላይ ነበሩ።»
ሱቁ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ።

መስከረም 18
ጃኬቶቹ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ሁሉንም ፈታሁ፣ ውሃ የማይጠጣውን ደረቁን ስፖንጅ ሞላሁ። ከምን አለሽ ተራ በርሜል ገዝቼ ውሃ ሞላሁና በእያንዳንዱ ላይ ድንጋይ አስሬ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንሳፈፍኩ። አንዱም አልሰመጠም። ግን ጋሽ ፍስሐ ደወሉ፦ «ወላጆቹ እምቢ ብለዋል። የሰፋችው መጀመሪያ ራሷ ትልበሰው ነው የሚሉት።»
ዋና አልችልም። እውነታቸውን ነው ግን።

መስከረም 22
ዝዋይ ወረድኩ። ሐይቁ ለካ ዳር የለውም። የጀልባውን ጠርዝ ጨምድጄ ያዝኩ። እናቶቹ ከዳር ቆመው ያዩኛል፣ አንዷም አትስቅም። ቢስሚላህ ብዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እግሬ መሬት ፈለገ... አጣ። ጮህኩ መሰለኝ። ከዚያ ጃኬቱ ያዘኝ። ያ ደረቁ ኮሌታ አንገቴን እየፋቀ ወደ ላይ ያዘኝ።

ስወጣ አንዷ እናት ልጇን አስጠግታ ጃኬቱን አለበሰችውና ማሰሪያውን አጠበቀችለት። ሌሎቹም ተከተሉ። ሠላሳውም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ተሳፈሩ።

አንገቴ አሁንም ያቃጥለኛል። ቅባት አልቀባውም።