በእጅ ልክ

ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከረምክ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ብርድ ሲነካው አሁንም ያስነክሳታል? እኔ ደህና ነኝ፤ ሳል ይዞኝ ነበር፣ ለቀቀኝ። ክፍላችንም ደህና ናት። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው፤ አጥቤ ያጠፍኩትን ልብስ ብቻ እደረድርበታለሁ፣ ብትቆጣም ተቆጣ።

ይህን የምጽፍልህ አውቶቡሴን ተርሚናል አቁሜ፣ መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነው። በስልክ ልነግርህ ስንቴ ጀምሬ ተውኩት። ስደውል እማዬ አጠገብህ ናት፤ እሷ ዞር ስትል ደግሞ አንተ ወሬ ታስቀይሳለህ። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። ብትናደድም መጨረሻው ሳትደርስ እንዳትጥለው።

እጀታውን ሞረድኩት።

ይኸው፣ ወጣልኝ። አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ያ የብረታ ብረት ቤቱ ማሽን እጅህን ከያዘው በኋላ፣ ሆስፒታል ተኝተህ የአየር ሽጉጥህን ስትሰጠኝ ያልከኝን አልረሳሁም። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ተኩሺበት፣ እጀታውን ግን ማንም እንዳይነካው፣ ድኜ ስመለስ እፈልገዋለሁ ነበር ያልከኝ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ። ያንን እንጨት ስንት ጊዜ ሞርደህ፣ ስንት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ ለእያንዳንዱ ጣትህ መኝታ እንዳበጀህለት አይቻለሁ። እራት ስንበላ እንኳ ከጎንህ አይጠፋም ነበር።

ችግሩ እጄ ያንተን ግማሽ አለማከሉ ነው። እጀታውን ስይዘው መዳፌና እንጨቱ መሐል ክፍተት ይቀራል። ያንን ክፍተት የምሞላው በመጨበጥ ነው፤ ስጨብጥ ደግሞ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። ሌባ ጣቴ ምላጩ ላይ የሚደርሰው በጫፉ ብቻ ስለሆነ፣ ስስበው ወደ ኋላ መምጣቱን ትቶ ወደ ጎን ይገፋዋል። ኢላማዬን ብታይ ታፍርብኝ ነበር። ምስር የምታክለዋ ጥይት ሁሉ መሐሉን ጥላ ግራ ታች ትሰበሰባለች።

አሰልጣኛችን ወይዘሮ ቀስ በል (ይህን ስም አንተ እንዳወጣህላቸው አሁን የተኩስ ክለቡ በሙሉ ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ) መጀመሪያ ጥፋቱን ከሥራዬ አገኙት። ቀኑን ሙሉ የአውቶቡስ መሪ ስጨብጥ እየዋልኩ፣ ሽጉጡንም እንደ መሪ እንደያዝኩት ነገሩኝ። ጥይት ከለከሉኝ። ነጭ ግድግዳ ፊት አቁመው ባዶ ሽጉጥ እያስነሱኝ፣ የፊቱን የማነጣጠሪያ ጉብ ከኋላው ስንጥቅ መሐል ብቻ እንዳይ፣ ሌላ ምንም እንዳላስብ አዘዙኝ። ሥራ ላይም መሪውን በስሱ መያዝ ተለማመድኩ። ትኬት ቆራጩ አይቶኝ መሪው ያቃጥላል እንዴ ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ።

መጨበጤን ብቀንስ ደግሞ ሽጉጡ እጄ ውስጥ ይዞራል። ሲጨንቀኝ እንጨቱ ላይ ጨርቅ ጠመጠምኩበት፤ ቢያንስ አልነካሁትም ብዬ። አሰልጣኟ አዩት። ጨርቁን ፈተው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝና፣ ለቡድኑ የቀረው አንድ ቦታ መሆኑን፣ ለሱም የምንወዳደረው እኔና ነርሷ መሆናችንን፣ ማጣሪያው በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ መሆኑን አስታወሱኝ። ነርሷን ታውቃታለህ፤ መርፌ ስትወጋ ሕፃን አያለቅስም የሚሏት። ወይ እጀታውን በእጅሽ ልክ አድርጊው፣ ወይ ለሷ ልቀቂላት አሉኝ። የወንድሜ ነው አልኳቸው። ሽጉጡን መልሰው እጄ ላይ አደረጉና፣

«ሽጉጡ የወንድምሽ ነው፤ የሚተኩሰው እጅ ግን ያንቺ ነው» አሉኝ።

ከማጣሪያው በፊት በነበረው እሑድ የመጣሁት እንግዲህ ናፍቃችሁኝ ብቻ አልነበረም። ላስፈቅድህ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ መጣሁ። አንተ መስኮቱ ስር ቁጭ ብለህ ነበር፣ ቀኝ እጅህ ብርድ ልብሱ ውስጥ። ሳልቀመጥ የጠየቅኸኝ ያንኑ ነው፤ እጀታውን አልነካችሁትም አይደል? አልነካነውም አልኩህ። ያን ቀን እውነት ነበር። ጣቶችህ መንቀሳቀስ እንደጀመሩ፣ ሐኪሙም በጣም እንደተደሰተ ነገርከኝ። ፊትህ በርቶ ስለነበር አፌ ላይ የመጣውን መልሼ ዋጥኩት፤ ከምሳ በኋላ እጠይቀዋለሁ አልኩ።

ከምሳ በኋላ ጓሮ ሆኜ ሰሐን ሳጥብ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጎንበስ ብለህ ስብርባሪውን በግራህ ትለቅማለህ። ውሃው ከደረትህ እስከ ጉልበትህ አርሶሃል። እማዬ ከጓዳ ምን ተሰበረ አለች።

«ድመቷ ናት» አልካት።

እሷም እሺ አለችና መጥረጊያ ይዛ መጣች። ጠረገች። ከዚያ ደረቅ ሸሚዝ አምጥታ አለበሰችህ፤ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች እየቆለፈችልህ ስለ ጎረቤት ሠርግ ታወራህ ነበር። ሁለታችሁም የለመዳችሁት ነገር ይመስል ነበር።

እኔ ግቢውን ዞሬ ድመት ፈለግሁ። ከውሃ ታንከሩም ኋላ አየሁ፤ ድመት የለም።

ስሰናበትህ ፈጥነሽ ሄድሽ አልከኝ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጠኛል አልኩህ። ሾፌር አውቶቡስ አመለጠኝ ስትል አይተህ ታውቃለህ? አንተም ግን አልሳቅህም።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጎረቤታችን አናጢው ዘንድ ሄድኩ። ሞረዱን ሰጠኝ። ልሥራልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ ከሆነ አይቀር በእኔ እጅ ይሁን። አውራ ጣትህ የሚያርፍበት ቦታ ከላብህ የተነሳ ጠቁሮ፣ ተወልውሎ እንደ ጫማ ያበራል። ሞረዱን እዚያ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ገፋሁት። ጥቁሩ ተነስቶ ነጭ እንጨት ወጣ። ተጀምሮ አይተውም፣ ገፋሁ። ጣቶቼ እስኪጠጉ የጎኑን ቀነስኩለት፣ በመዳፌ በኩል ስቱኮ ሞላሁበት፣ ሳይደርቅ ጨበጥኩት። እጄን ሳነሳ የገዛ መዳፌ ቅርጽ ታትሞ ቀረ።

አሰልጣኟ ሲያዩት ጎሽ አላሉኝም፣ አላመሰገኑኝምም። እጄ ላይ አስተካክለው አስያዙኝና፣ ከሕፃን ጋር መንገድ ስትሻገሪ እጁን እንዴት ትይዢዋለሽ ብለው ጠየቁኝ። እንዳያመልጠኝ፣ እንዳላሳምመውም አልኩ። በቃ እንደሱ አሉ። አውራ ጣቴን ዝም እንዳሰኘው፣ በመሐል ጣቴና በቀለበት ጣቴ ብቻ ወደ ኋላ እንድይዘው፣ ምላጩን ግን ሌባ ጣቴ ብቻውን ቀስ እያለ እንዲጫነው አሳዩኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ከነጩ ግድግዳ ጋር አመሸሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ነርሷ ከጎኔ ናት፤ ስትተነፍስ ትከሻዋ እንኳ አይንቀሳቀስም። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች የትም ሄዱ። ከዚያ እጄ እጀታውን አመነውና መሐሉን ማግኘት ጀመርኩ። እየቀረብኳት፣ እየቀረብኳት ሄድኩ። የመጨረሻዋ ጥይት ላይ ስንደርስ እኩል ነበርን።

እሷ ቀድማ ተኮሰች። ከኋላ ሰዎች በአድናቆት ሲንሾካሾኩ ጥሩ መምታቷ ገባኝ። ክንዴን አነሳሁ። ጉቡ ስንጥቁ ውስጥ ይደንሳል። ተኩሺው ተኩሺው የሚል ነገር መጣብኝ፤ ስንቱን ጥይት ያበላሸብኝ እሱ ነው። አወረድኩት። ሰዓቱ ይሄዳል። ተነፈስኩ፣ እንደገና አነሳሁ። አሁንም ይንቀጠቀጣል። ወይዘሮ ቀስ በል አንድ ቀን፣ መንቀጥቀጡ እንዲቆም አትጠብቂ፣ አብረሽው መኖር ልመጂ ብለውኝ ነበር። እንደተንቀጠቀጠ ጉቡን ብቻ እያየሁ ጣቴን ጫንኩ፣ ጫንኩ፣ ጫንኩ። መቼ እንደወጣች አላወቅኩም። ወጥታም ክንዴን አላወረድኩም፤ እንደቆምኩ ቀረሁ። አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«በቃ፣ አሁን አውርጂው» አሉኝ አሰልጣኟ። ድምፃቸው እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም።

ነርሷ መጥታ አቀፈችኝ። ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። እሷም ለካ ፈርታ ነበር።

ተመርጫለሁ፣ ወንድሜ። ለእማዬ ንገራት፤ ጠመንጃ እንዳይመስላት ግን አስረዳት።

አሁን ደግሞ ከደብዳቤው ጋር ስለመጣው ጥቅል። እማዬ ገበያ ስትወጣ ፍታው። ሞረድ ሳላስነካው በፊት አናጢው የእጀታህን ልክ በጭቃ አትሞ አስቀርቶልኝ ነበር። ከዚያ ልክ ላይ አዲስ ጠርቦልሃል። መዳፉ ያው ያንተ ነው፣ የጣቶቹም ስፋት ያው ነው፤ መስታወት ፊት እንዳቆሙት ብቻ የአውራ ጣቱ ማረፊያ በወዲያኛው ጎን ሆኗል። ለግራ እጅ አድርግልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። እንጨቱ ገና ሻካራ ነው። ማለስለሱን ለሌላ ሰው መስጠት አልፈለግሁም፤ ብርጭቆ ወረቀት ጨምሬልሃለሁ። ሽጉጡ ላይ በሁለት ብሎን ነው የሚገጠመው፣ ስትመጣ እየተቀያየርን እንተኩሳለን።

ወይዘሮ ቀስ በልን አማክሬያቸዋለሁ። እንደ ጀማሪ ከነጩ ግድግዳ እንደሚያስጀምሩህ፣ ብትነጫነጭም እንደማይሰሙህ ንገሪው ብለውኛል። ከጎኔ ያለውን መቆሚያም ለማንም አልሰጡም።

መልስ ባትጽፍልኝ አልቀየምም። ጽሕፈትህ ቢንጋደድም አነበዋለሁ።

እማዬን ሁለት ጉልበቷን ሳምልኝ። አንተንም ፈጣሪ ያበርታህ፤ ደጃችንን በጤና ያስረግጥህ።

አልጋህን ዛሬውኑ ከልብስ ነፃ የምታደርገው፣
ታናሽ እህትህ