ጤናዬ ያየችው ስህተት

አሶሳ፣ ሚያዝያ 1979

ወንድሜ ውብሸት፣

የሰፋሪዎቹን የውሃ ፓምፕ ለሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ለአራት ቴክኒሺያኖች እያስተማርኩ ነው። አንዷ ከወሎ መጥታ የሰፈረች ጤናዬ የምትባል ናት። ባለፈው ሳምንት እኔ የጻፍኩትን አንብባ፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሞተሩ ሳይበርድ መልሶ ያስነሳዋል» አለችኝ። «አንቺ መጀመሪያ ፊደሉን ልመጂ» ብዬ ተማሪውን አሳቅሁባት።

ማክሰኞ ሞተሩ ሳይበርድ ተነስቶ ተቃጠለ። እኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ ከበርሜል እንቀዳለን፤ እዚህ ግን ሴቶቹ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ወንዝ ይወርዳሉ። እሷም ውሃ ቀድታ፣ አርፍዳ ክፍል ገባች። በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ይሁን፣ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እትዬ ብዙወርቅን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ፤ ሲጠይቁህም አትቆጣቸው።

ይርዳው