«ለጊዜው» ብለህ የከፈትከው በር

ለበኩር ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ምራቴ እንዴት ናት? ልጆቹስ፣ ትልቋ ትምህርቷን፣ ድምቡሼውም ጥርሱን እንዴት ይዘውታል? እኔም እናትህም ደህና ነን። ጉልበቴ ከብርዱ ጋር ይጣላል እንጂ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቁጣ ነውና ተቀምጠህ አንብበው። ስልክ ብደውል «መስመሩ ተቆራረጠ» ትለኛለህ፤ ወረቀት አይቆራረጥም። ፊደል ባልቆጥርም አፍ አለኝ፤ እኔ እናገራለሁ፣ የክሊኒካችን የካርድ ክፍል ሠራተኛ ትጽፋለች። አንዲት ቃል እንዳታለዝብ አስምያታለሁ።

የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል በተባለ ጊዜ ዳይሬክተሯ ፊት ቀርቤ «ልጄ ያውቃል» ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ሻጭ የታሸገ የጥበቃ ሣጥኑን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን አታዩም፣ ፈቃዱንም በየዓመቱ አሳድሱ የሚል። አንተ ደግሞ «አባዬ፣ ክፍቱ ፕሮግራም ይሻላል፤ በነጻ ነው፣ አሠራሩም ለማንም ግልጽ ነው፤ ብዙ ዓይን የሚያየው ስህተት ተደብቆ አይቀርም» አልከኝ። ደስ አለኝ። ሆዱን የማያሳይ ሰው አልወድም፣ ሣጥንም እንደዚያው። መጋዘን ውስጥ የተጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አስወጣን፤ ሁለት የኬብል መሰኪያ ተደረገለት፣ አንዱ ለውጭው ኢንተርኔት፣ አንዱ ለውስጥ ኮምፒውተሮቻችን። አንተም ፋየርዎል የምትሉትን የኮምፒውተር ዘበኛ አስጭነህ ካለህበት ሆነህ አስተካከልከው።

እንዴት እንደሚሠራ ስትነግረኝ ሳቅሁ፤ የኔው ሥራ ነዋ! የመጣውን ሁሉ ከትዕዛዝ ዝርዝሩ ጋር ከላይ ወደ ታች ያስተያያል፤ መጀመሪያ የገጠመው ትዕዛዝ ይፈርዳል፣ ከዚያ በታች ያለውን አያነብም። መጨረሻው ላይ «ያልተፈቀደለት አይግባ» ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት በር የቆምኩት በዚሁ ሕግ ነው።

አንተ ግን ምን አደረግህ? ከሩቅ ለመሥራት እንዲመችህ ከትዕዛዙ ሁሉ በላይ «ከየትም የመጣ ይግባ» ብለህ ጻፍክ። ከጎኑም ማስታወሻ አኖርክ፤ «ለጊዜው»። ሰባት ወር! ከሥሩ የደረደርካቸው ትዕዛዞች ሁሉ ከተከፈተ በር ጀርባ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሆነው ቀሩ። አንተ የዘነጋኸውን ሌባ አልዘነጋውም።

ማክሰኞ በዚያ በር ገብቶ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የሕሙማኑን ካርድ በሙሉ ቆለፈው። እርጉዞች ከበር ተመለሱ፤ መላሻቸውም እኔ። ስኳር ያለበት ጡረተኛ መምህር «የምወጋው መድኃኒት ልኩ ስንት እንደነበር ማን ይንገረኝ?» ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ዳይሬክተሯ «የነጻ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው፣ ይህ አሮጌ ኮምፒውተር ይጣል» አለች። ቀጥላም «የካርድ ክፍሏ የማይከፈት መልእክት ከፍታ ነው ሌባውን ያስገባችው፤ ሰኞ ትሰናበታለች» አለች።

በማግስቱ ደውለህ ምን አልከኝ? «አባዬ፣ ለጊዜው ብዬ ከላይ ጽፌ የረሳኋት መስመር ናት፤ ሌባው በእሷ ነው የገባው፤ አሁን አጥፍቻታለሁ። ለጊዜው ዝም በል።» ለጊዜው! ይህች ቃል ከአፍህ አትወጣም? የመጸዳጃ ቤታችንን በር ለጊዜው ብለህ በሲባጎ ካሰርከው አራት ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊዬ ብዕሯን አስቀመጠች። ጥፋቱ ያንተ መሆኑን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ውሃ ጠጣችና «ይቀጥሉ አባባ» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ይቺን ትንሽ ቀለል ላድርጋት?» አለች፤ ለአንተ አዝና! «እንዳልኩሽ ጻፊው» አልኳት።

ኮምፒውተሩ ምን አጠፋ? ጌታው «ሁሉንም አስገባ» ያለው ዘበኛ ምን ያድርግ? የተለወጠውን ሁሉ ከነቀኑ መዝግቦ እንደሚይዝ የነገርከኝም አንተው ነህ፤ የጻፍከውም የሰረዝከውም እዚያው አለ። መሳሳትስ ይሁን፤ እኔም አንድ ጊዜ የጓሮውን በር ሳልቀረቅር ሄጄ አራት ብርድ ልብስ ተሰርቋል፤ ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ ነኝ» ብያለሁ። በሰው ልጅ ጀርባ መደበቅን ግን ከማን ተማርከው? ከኔ ቤት አልወጣም።

ይህን ወረቀት ጸሐፊዬ ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሃለች። ዋናው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሯ በምጠብቀው በር ስትገባ እጇ ላይ አኖረዋለሁ። ማንበብ ባልችል ማድረስ አያቅተኝም። ወረቀቱን መቅደም ከፈለግህ የዳይሬክተሯን ስልክ ታውቀዋለህ።

ምራቴን ሰላም በልልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ድምቡሼውን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። እናትህ አገላብጣ ትስምሃለች። እህትህ «ወንድሜን አትቆጣብኝ» ብላለች፤ ሰላምታዋ ላንተ ደርሷል፣ ምክሯ ግን ለኔ አልደረሰኝም። አንተን የምስምህ ከሰኞ በኋላ ነው።

አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈርሜያለሁ፤
አባትህ

ከክሊኒኩ ዘበኛ ቤት
ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን